የካሜራ ዐይንና መጋረጃው፦ ስለ ሌንስና ስለ ፊልተር አመራረጥ ለጀማሪዎች



በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ገንዘብ አጠቃቀም በየወሩ ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ ከአንድ አባት የቀረበልንን ጥያቄ መነሻ አድርገን፥ በብዙ ቤት የገንዘብም የአሳብም ጭንቀት ስለሚያመጣ አንድ ጕዳይ እንነጋገራለን።

እኒህ አባት እንደ ነገሩን፥ ሴት ልጃቸው ከደመወዝዋ ቈጥባ ዲጂታል ካሜራ ገዛች፤ ቤተሰቡም ሁሉ ደስ አለው። ነገር ግን አንድ ወር ሳይሞላ፥ «ሌላ ሌንስ ያስፈልግሻል፤ ፊልተር ከሌለም ሥራሽ አያምርም» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። የተባለው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲደመር ከካሜራው ዋጋ የሚበልጥ ሆነ። የወንድምዋ ልጅ ክርስትና የሚነሣበትም ቀን ቀርቧል። «ይህ ሁሉ ዕቃ በእውነት አስፈላጊ ነውን? ወይስ ልጃችን ተታልላለች?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ከሚሸጡት ዕቃዎች አንዱ ወይም ሁለቱ በእውነት የሚረዱ ሲሆኑ፥ የቀሩት ለጀማሪ ሸክም ናቸውና።

ወደ ምክሩ ከመግባታችን በፊት እኛው ራሳችን የወደቅንበትን ጕድጓድ ማሳየት ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅታችን ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ፥ ፎቶግራፍ የማንሣቱን ሥራ ለእኛ ሰጡን። ካሜራው አዲስ ነበረ፤ ሌንሱም ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው ነበረ። በላዩም ላይ አንድ ሻጭ «ያለዚህ አይሆንም» ብሎ የሸጠልንን ርካሽ ፊልተር ገጥመንበት ነበር። ጊዜው ገና ንጋት ስለ ነበረ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የነበረው ብርሃን የጧፍና የጥቂት አምፑል ብርሃን ብቻ ነው። ፍላሽ ማብራትም ጸሎቱን የሚያውክ ስለ ሆነ አጠፋነው።

ቤት ገብተን ፎቶግራፎቹን በኮምፒዩተር ስንመለከት አፈርን። ሕፃኑ ስለ ተንቀሳቀሰ ፊቱ ተድበስብሷል። በየጧፉም ነበልባል አንጻር ሌላ የሐሰት ነበልባል ተገልብጦ ይታያል። ከእነዚያም የሐሰት ነበልባሎች አንዱ ያረፈው ሕፃኑን ዐቅፈው በቆሙት በአያቱ በእማሆይ ፊት ላይ ነበረ። እማሆይ ከዚያ በኋላ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። የልጅ ልጃቸውን ዐቅፈው የተነሡት ፎቶግራፍ ያ ብቻ ነው። ልጁ ዛሬ አድጎ «አያቴ እኒህ ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ የምናሳየው ብርሃን የሸፈነውን ፊት ነው። ክርስትና አንድ ጊዜ ነው፤ ፎቶግራፉ ስለ ተበላሸ ይደገምልን አይባልም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ሌላ ቤተሰብ እንዲህ እንዳይጸጸት ብለን ነው።

ስለ ሌንስ

ሌንስ የካሜራው ዐይን ነው። በየሌንሱ ላይ ሁለት ዐይነት ቍጥር ተጽፎ ይገኛል፤ እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ገበያ ወጥቶ በቀላሉ አይታለልም።

የመጀመሪያው ቍጥር በሚሊሜትር የሚነገረው ነው። ቍጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሲበዛ ጠባብ ቦታ ያሳያል፥ ሩቁንም ያቀርባል። በሰፊ በር ቆሞ ግቢውን ሁሉ እንደሚያይና በቍልፍ ቀዳዳ አንድን ነገር ብቻ ለይቶ እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚለዋወጥ ነው። በ18 ላይ ሲሆን በሳሎኑ ውስጥ የተሰበሰበውን ዘመድ ሁሉ ያስገባል፤ በ55 ላይ ሲሆን የአንድን ሰው ፊት ለመለየት ይመቻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በብዙ የጀማሪ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ከቀድሞው ፊልም ያነሰ ነው፤ የፊልሙ መጠን 24 በ36 ሚሊሜትር ነበርና። ስለዚህ እንዲህ ባሉ የኒኮንና የሶኒ ካሜራዎች ላይ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ የ75 ያህል፥ በካኖን ደግሞ የ80 ያህል አጥብቦ ያሳያል። ጠባብ ቤት ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት፤ ግድግዳው ጀርባውን እስኪነካው ድረስ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግም የሚፈልገው ሁሉ ላይገባለት ይችላልና።

ሁለተኛው ቍጥር የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት የሚነግረን ነው። ከ«ኤፍ» ፊደል ቀጥሎ ወይም «1፡1.8» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው፤ ቍጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፥ ቍጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። ምክንያቱም ቍጥሩ አካፋይ ነው። አንድ ድፎ ዳቦ ለሁለት ሰው ሲቈረስና ለስምንት ሰው ሲቈረስ ድርሻው እኩል አይደለም፤ ለሁለት የተቈረሰው ይበልጣል። እንደዚሁም የ50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 2 ላይ ቀዳዳው 50 ለ2 ተካፍሎ 25 ሚሊሜትር ይሆናል። የቍጥሮቹም ተራ 1.4፥ 2፥ 2.8፥ 4፥ 5.6፥ 8፥ 11፥ 16 እያለ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ክርስትናው ቀን እንመለስ። ያ የእኛ ሌንስ በ55 ሚሊሜትር ላይ ሲሆን ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይሰፋም ነበር። በዚያ ፈንታ ባለ ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢሆን ኖሮ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ባስገባ ነበር። ይኸውም ካሜራው የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ክፍት ሆኖ መቈየት ሲገባው፥ የሰከንድ አንድ መቶኛ በበቃው ነበር ማለት ነው። በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ውስጥ ሕፃን ይወራጫል፤ በአንድ መቶኛ ውስጥ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። በእርግጥ «አይ.ኤስ.ኦ.» የሚባለውን ቍጥር ከፍ በማድረግ ካሜራው በጥቂት ብርሃን እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን እጅግ ከፍ ሲል ሥዕሉ አሸዋ እንደ ተነሰነሰበት ይሻክራል።

ሰፊ ቀዳዳ የተፈለገው ዛሬ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በፓሪስ በተገለጠ ጊዜ፥ የሌንሶቹ ቀዳዳ ጠባብ ስለ ነበረ የሚነሣው ሰው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። በ1840 ዓ.ም. ግን በቪየና የሒሳብ መምህር የነበረው ዮሴፍ ፔትስቫል ኤፍ 3.6 ያህል የሚሰፋ ሌንስ በስሌት አዘጋጀ፤ የሰውን መልክ ማንሣትም ከዚያ ወዲህ እጅግ ቀለለ። እንግዲህ ለሰው ፊት የሚበጀው ሰፊ ቀዳዳ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ሌንስ ለሚገዛ ጀማሪ የምንመክረው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 የሆነውን ነው። ቤቱ ጠባብ ከሆነና ካሜራው ትንሽ ሴንሰር ያለው ከሆነ ግን 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ይሻለዋል። ባለ 50ው ሌንስ በብዙ ፋብሪካዎች ዘንድ በዋጋ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ማቅረብና ማራቅ አይችልም፤ የሚያቀርበውና የሚያርቀው የባለቤቱ እግር ነው። ይህም ለተማሪ ጕዳት ሳይሆን ትምህርት ነው።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ቀዳዳው እጅግ ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ ይጠባል። የአንዲት እናት ዐይን ጥርት ብሎ ሳለ፥ ከኋላዋ የቆመው ልጅ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲነሣ ካሜራው በዐይኑ ላይ እንዲያተኵር ይደረግ፤ ሦስት አራት ሰው ሲነሣ ግን ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ማጥበብ ይገባል። ደግሞም በ18 ሚሊሜትር ወደ ሰው ፊት እጅግ ተጠግቶ ማንሣት አፍንጫን ያገዝፋል፥ ጆሮንም ያሳንሳል። ይህም የሚሆነው ከመጠጋት የተነሣ ነው፤ ራቅ ብሎ መቆም ለመልክ ይስማማል።

ከመግዛት በፊት ራስን ለመፈተን የሚረዳ ቀላል መንገድ አለ። አብሮ የመጣውን ሌንስ በ50 ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱን በወረቀት ፕላስተር ያዙት፤ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ብቻ አንሡ። በሚቀጥለው ሳምንት በ35 ላይ አድርጉት። የትኛው ለቤታችሁ እንደሚስማማ ከሻጩ ይልቅ ይህ ፈተና ይነግራችኋል። ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱ ፎቶግራፍ በስንት ሚሊሜትር እንደ ተነሣ መዝግቦ ስለሚያሳይ፥ ያለፉትን ፎቶግራፎች መመርመር ጠቃሚ ነው።

ሩቅ ስለሚያቀርበው ሌንስ፥ ይኸውም ከ55 እስከ 250 ወይም ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር ስለሚደርሰው፥ ብዙዎች ይመኙታል። በጥምቀት ቀን በጃን ሜዳ ወይም በሌላ ባሕረ ጥምቀት ዳር ቆሞ፥ ሕዝቡን ሳይገፉና በካህናቱ መካከል ሳይገቡ ከሩቅ ለማንሣት መልካም ነው። በፀሐይ ብርሃን ይሠራል፤ በጨለማ ቤት ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለ ሆነ አይረዳም። እጅም ሲንቀጠቀጥ ይህ ሌንስ መንቀጥቀጡን ያበዛዋል። ስለዚህ በ250 ሚሊሜትር ሲያነሡ ከሰከንድ አንድ ሁለት መቶ ኀምሳኛ፥ ትንሽ ሴንሰር ባለው ካሜራም ከአንድ አራት መቶኛ ባልዘገየ ፍጥነት ማንሣት ይገባል። መንቀጥቀጥን የሚከላከል መሣሪያ ያለው ሌንስ የአንሺውን እጅ ይረዳል እንጂ የሚዘለውን ልጅ አያቆምም።

ያገለገለ ሌንስ መግዛት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ይመርመር። አንደኛ፥ ሌንሱ በካሜራው ላይ መግጠሙ። የካኖን ሌንስ በኒኮን ላይ አይገጥምም፤ በአንድ ፋብሪካ ውስጥም የቀድሞዎቹና መስተዋት የሌላቸው አዲሶቹ ካሜራዎች መግጠሚያቸው የተለየ ነው። ሁለተኛ፥ ራሱ ማተኰሩ። ለምሳሌ የኒኮን ዲ3500 ካሜራ በውስጡ ሌንስ የሚያዞር ሞተር ስለሌለው፥ «ኤኤፍ ዲ» የተባለው የቀድሞው ሌንስ ቢገጥምበትም በራሱ አያተኵርም፤ ለዚያ ካሜራ «ኤኤፍ ኤስ» ወይም «ኤኤፍ ፒ» የሚል የተጻፈበት ሌንስ ይፈለግ። ሦስተኛ፥ የመስተዋቱ ንጽሕና። ሌንሱን በባትሪ ብርሃን አንጻር ይዛችሁ በውስጡ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። የራሳችሁንም ሌንስ በክረምት እርጥበት ካለበት ቁም ሣጥን አርቁት።

ስለ ፊልተር

ፊልተር ከሌንሱ ፊት የሚገጠም መጋረጃ ነው። መጋረጃ በቦታው ሲሆን ቤት ያሳምራል፤ ያለ ቦታው ግን ብርሃን ይከለክላል። አራቱን ዐይነት በየተራ እንመልከት።

መጀመሪያ «ዩቪ» የሚባለው ነው። በፊልም ዘመን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር አግዶ የሩቁን ተራራ ጉም መሰል ሰማያዊነት ይቀንስ ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን በሴንሰሩ ፊት ያለው መስተዋት ይህን ጨረር በአብዛኛው ስለሚያግደው፥ ዛሬ የሚሸጠው ለመከላከያ ነው። አቧራ በሚበዛበት መንገድ ወይም ውኃ በሚረጭበት ስፍራ ይጠቅማል። በጧፍና በአምፑል ፊት ግን አውልቁት። ብርሃኑ ከሴንሰሩ ተንጸባርቆ ወደ ፊት ሲመለስ፥ ጠፍጣፋው ፊልተር እንደገና ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ የእማሆይን ፊት የሸፈነው የሐሰት ነበልባል ከዚህ የመጣ ነው። ፊልተሩ ርካሽ ሲሆን ጥፋቱ ይብሳል፤ ውዱም ቢሆን ፈጽሞ ነጻ አይደለም። ለመከላከያስ የሌንሱ ጥላ ይሻላል፤ ከጐን የሚገባውን የፀሐይ ጨረር ያግዳል፥ ሌንሱ ሲጋጭም የመጀመሪያውን ምት ይቀበላል።

ሁለተኛው ፖላራይዘር ነው። ከፊልተር ሁሉ ለጀማሪ የሚመከረው ይህ ነው፤ ሥራው በኋላ በኮምፒዩተር በሚገባ ሊተካ አይችልምና። ቀለበቱ ሲዞር ከውኃ፥ ከመስተዋትና ከእርጥብ ቅጠል ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ይቀንሳል። ከዝናም በኋላ የአትክልቱ አረንጓዴነት ይጐላል፤ በጣና ዳር የቆመ ሰውም ከውኃው በታች ያለውን ድንጋይ ያያል። ፀሐይ በቀኝ ወይም በግራ ትከሻችን በኩል ስትሆን ሰማዩን ያጠቍራል። ነገር ግን ብርሃኑን ከግማሽ እስከ ሩብ ድረስ ስለሚያሳንሰው ከቤት ውስጥ ይውለቅ። በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ባለ መስተዋት የአባት ፎቶግራፍ እንደገና ለማንሣት ይረዳ እንደ ሆነ ለሚጠይቁም፥ በሰያፍ ለሚያነሣ ይረዳል፤ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ለቆመ ግን አይረዳም። ፍሬሙን ፈትቶ መስተዋቱን ማንሣት ይሻላል። ሲገዛም «ሰርኩላር» የሚል የተጻፈበት ይሁን።

ሦስተኛው «ኤንዲ» የሚባለው፥ ቀለም ሳይለውጥ ብርሃንን የሚቀንስ ጥቍር መስተዋት ነው። «ኤንዲ 64» የሚባለው ብርሃኑን ወደ አንድ ስድሳ አራተኛ ያወርዳል፤ የሰከንድ አንድ ስድሳኛ ይበቃ የነበረውም አንድ ሰከንድ ያህል ይሆናል። በዚህም የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ነጭ ሐር የተዘረጋ ሆኖ ይታያል። ለዚህ ግን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ ጀማሪው ይቈየው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚህ ፊልተር ፀሐይን ማየት ክልክል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ባለፈ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ሰማይ ተመልክቷል፤ እንዲህ ላለው ቀን ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ልዩ ማጣሪያ ብቻ ነው የሚያገለግለው። የጠፋ ዐይን በገንዘብ አይገዛም።

አራተኛው ቢጫ፥ ብርቱካናማና ቀይ ፊልተር ነው። ለጥቍርና ነጭ ፊልም ሰማዩን ያደምቅ ነበር፤ በዲጂታል ግን ይህ ሁሉ ከተነሣ በኋላ በኮምፒዩተር ይሠራል። ስለዚህ በሳጥን ተደርድሮ በርካሽ ሲሸጥ ያየ ሰው ይለፈው።

ማንኛውንም ፊልተር ከመግዛት በፊት የሌንሱን አፍ ስፋት እዩ። በሌንሱ ፊት ክብ በሰያፍ መሥመር የተቈረጠ ምልክት አለ፤ ከአጠገቡ 52፥ 55፥ 58፥ 67 ወይም ሌላ ቍጥር ይጻፋል። ልዩ ልዩ አፍ ያላቸው ሌንሶች ካሏችሁ፥ ለትልቁ የሚሆን አንድ ጥሩ ፖላራይዘር ገዝታችሁ ለትንሾቹ ማገናኛ ቀለበት ጨምሩ፤ ቀለበቱ ዋጋው ጥቂት ነው።

ለአባትና ለልጅ

እንግዲህ ለጠየቁን አባት መልሳችን ይህ ነው። ልጅዎ አልተታለለችም፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትግዛ። በቅድሚያ ባላት ሌንስ ጥቂት ወራት ትልመድ። የክርስትናው ቀን የቀረበ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ካለ ባለ ኤፍ 1.8ው አንድ ሌንስ ይገዛ። ካልተቻለም ለዚያ ቀን ከሚያምኑት ሰው ተውሳ ትመልስ። ካህናቱን አስቀድማ ታስፈቅድ፤ ፍላሹን ታጥፋ፤ ፊልተሩን ታውልቅ። ቀጥሎም የሌንስ ጥላ፥ ለስላሳ መጥረጊያ ጨርቅና አቧራ መንፊያ ይበቃሉ። ፖላራይዘሩ በሚቀጥለው ዓመት፥ ሩቅ አቅራቢው ሌንስ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለዕቃ ተብሎ ከቀለብና ከትምህርት ቤት ክፍያ አይነካ፤ ብድርም አይገባ። እርስዎም ልጅዎን «ምን ያደርግልሻል?» ከማለት ይልቅ፥ ያነሣችውን ቍጭ ብለው አብረው ይመልከቱ።

አንድ ነገር ግን ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ የሚቈይ አይደለም። በቤታችሁ አያት ወይም ሌላ አረጋዊ ካሉ፥ በዚህ ሳምንት በጧት ወንበራቸውን ወደ መስኮት አስጠግታችሁ፥ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መልሳችሁ፥ ነጠላቸውን አስተካክላችሁ አንሧቸው። ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ለዚህ ይበቃል፤ አብሮ የመጣውም ሌንስ በዚያ ብርሃን ያገለግላል። ካሜራ የሌለውም በእጁ ስልክ ያንሣ። ከዚያም በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር በፎቶ ቤት አሳትማችሁ፥ በጀርባው ስማቸውንና ቀኑን ጽፋችሁ በአልበም አኑሩት።

እኛ በእማሆይ ጊዜ ይህን አላደረግንም፤ መስኮቱም ካሜራውም በቤታችን ነበሩ። እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ። በሚመጣው ወር የቈዩ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ከእርጥበትና ከብል ስለሚጠበቁበት መንገድ እንጽፋለን፤ እስከዚያው በደኅና ቈዩን።